ግሬግ አራኪ በ5,000 ዶላር የጀመረው የፊልም ሕይወት፦ ሒሳቡ እንዴት ነው? ጎንደር ላይስ ምኑ ይሠራል?

ጎሃ_ሥር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ላለው የፊልም ውይይት ቡድናችን የግሬግ አራኪን የሥራ ዘመን የሚፈታ ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው። ሰውየው በ1959 ሎስ አንጀለስ የተወለደ፣ የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነው። የኩዊር ሲኒማ (የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚያነሡ ፊልሞች) ስም በተነሣ ቁጥር እሱም ይነሣል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አንምታታም።) ፊልሞቹ ምን ለማለት እንደፈለጉ የሚተነትን ጽሑፍ ሞልቷል። እኔ የቸገረኝ ገንዘቡ፣ ካሜራው፣ የባለቤትነት መብቱና በአንዱ ፊልምና በሌላው መካከል ያለው ባዶ ዘመን ነው።

አንደኛ፣ በ1987 የወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ የፈጀው 5,000 ዶላር ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል ፊልም ይህ እንዴት ይቻላል? ሁለተኛ፣ ከ1999 እስከ 2004 ድረስ ፊልም ያላወጣው ለምንድን ነው? ሦስተኛ፣ አንድ ካሜራ ወይም ስልክ ይዞ ጎንደር ውስጥ የ70 ደቂቃ ፊልም ለሚቀርጽ ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ይተርፈዋል? የኛ ታሪክ ሁለት ወንድማማቾች ስለወረሱት ቤት ነው፤ ከእሱ የምንፈልገው አሠራሩን ነው።

ባለጥቅል፦

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልያዘው፤ ቁጥሩ ራሱ ብዙ ይናገራል።

16 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ በደቂቃ 36 ጫማ ይበላል። የ90 ደቂቃ ፊልም ተቆርጦ ተቀጥሎ ሲያልቅ 3,240 ጫማ ነው። ለእያንዳንዱ የተጠናቀቀ ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ብትቀርጪ 9,720 ጫማ ይሆናል፤ 100 ጫማ በሚይዙት ትንንሽ ጥቅሎች 98 ጥቅል ማለት ነው። አንዱ ጥቅል ከ2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ በላይ አይሄድም። 5,000 ዶላሩን ለ9,720 ጫማ ስታካፍይው በጫማ 51 ሳንቲም ነው የሚደርሰው። ጥሬ ፊልሙ፣ የላብራቶሪ እጥበቱ፣ የኤዲት ቅጂው፣ ድምፁ፣ የተዋናዩ ምሳ ሁሉ ከዚችው 51 ሳንቲም ይወጣሉ። ስለዚህ ከ3 ለ1 ብዙ ማለፍ አይቻልም፤ አብዛኛው ትዕይንት በአንድ ወይም በሁለት ሙከራ ማለቅ አለበት።

ይህ ገደብ የፊልሙን መልክ ወስኗል። አራኪ የመጀመሪያውን ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ ካሜራውን አንድ ቦታ አቁሞ ነው የቀረጸው፤ ታሪኩም በሦስት ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ለውበት ብቻ እንዳይመስልሽ። የመንገድ መብራት፣ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን በቀለም ፊልም ላይ ሲደባለቁ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ያንን ለማስታረቅ መብራትና ማጣሪያ መከራየት ያስፈልጋል። በጥቁርና ነጭ ግን ሁሉም ግራጫ ነው። ካሜራው ከቆመ ደግሞ ትኩረት የሚያስተካክል ረዳት አያስፈልግም፣ ሐዲድም ጋሪም የለም፤ መብራትም ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚተከለው።

ጽሑፉን፣ ዳይሬክቲንጉን፣ ካሜራውንና ኤዲቱን ራሱ ነበር የሚይዘው። ይህ ደመወዝ ያድናል፤ ግን ዋጋ አለው። በካሜራው መስኮት የሚያይ ዳይሬክተር የሚያየው ጠርዙንና ትኩረቱን ነው፤ ተዋናዩ የዋሸበትን ቅጽበት ያልፈዋል። የሚበጀው ካሜራውን ትሪፖድ ላይ ማሰር፣ የተዋናዩን መቆሚያ መሬት ላይ በፕላስተር ማመልከት፣ ትኩረቱን አስተካክሎ መቆለፍ፣ ከዚያ ዓይንን ከካሜራው አንሥቶ ሰውን ማየት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። የመጀመሪያው ፊልም ስዊዘርላንድ ባለው ሎካርኖ ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ሆኖም በ1989 ሁለተኛውን ሲሠራ በጀቱ ያው 5,000 ዶላር ነበር። ሦስተኛው፣ በ1992 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ ፌስቲቫል ላይ የታየው "ዘ ሊቪንግ ኤንድ"፣ ወደ 20,000 ዶላር ገደማ ነው። ሽልማት አገኘሁ ብሎ የሁለት ዓመት ስክሪፕት ይዞ ትልቅ ብር አልጠበቀም። እኔን ከጠየቅሽኝ የሥራ ዘመኑ ምሰሶ ይሄ ነው፤ ቢከስር የማያጠፋውን ያህል ብቻ እያወጣ ሦስት ፊልም ሠራ፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ሰው ስሙን ያውቅ ነበር።

ውልና_ማኅተም፦

ባለጥቅል ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ለዚህ ሰው ጊዜውም ረድቶታል። ሃያሲዋ ቢ. ሩቢ ሪች በ1992 በወቅቱ የሚወጡትን ፊልሞች "አዲሱ ኩዊር ሲኒማ" ብላ ሰየመቻቸው። ስም ሲኖር ፌስቲቫል ክፍል ይከፍታል፣ አከፋፋይ ፖስተር ላይ የሚጽፈው ያገኛል፣ ጋዜጠኛ አምስቱን ዳይሬክተር በአንድ ጽሑፍ ያነሣል። "ዘ ሊቪንግ ኤንድ"ን ፕሮዲውስ ያደረጉት ማርከስ ሁ እና ጆን ጌራንስ በ1989 ስትራንድ ሪሊሲንግ የሚባል አከፋፋይ ድርጅት ያቋቋሙ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ሳይቀረጽ በፊት ማን እንደሚያከፋፍለው በግማሽ ታውቋል ማለት ነው። የኛ ሰው ግን ቀርጾ፣ ኤዲት አድርጎ፣ ዕዳ ገብቶ፣ በመጨረሻ "አሁን ለማን እንስጠው?" ይላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ከ1999ኙ ፊልም በኋላ ኤምቲቪ ለሚባለው ቴሌቪዥን ጣቢያ የተከታታይ ድራማ ሙከራ ክፍል ለመሥራት ተስማማ። በጀቱ መጀመሪያ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ወደ 700,000 ተቀነሰ። እንዲያም ሆኖ ጻፈው፣ ቀረጸው፤ ጣቢያው ግን አልፈልገውም አለና አንድ ቀንም ሳይተላለፍ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም በይ። በ5,000 ዶላር የሠራሽው ፊልም ማንም ባይገዛው ያንቺው ነው፤ ጎረቤትሽን ሰብስበሽ ታሳይዋለሽ። በሌላ ሰው 700,000 የተሠራው ግን ባለቤቱ ሣጥን ውስጥ ከከተተው ዳይሬክተሩ ለልጆቹ እንኳ ማሳየት አይችልም። ገንዘቡ ሲያድግ ቁልፉ ከእጅ ይወጣል።

ከዚያ የወጣው በ2004 "ሚስቲሪየስ ስኪን" በተባለው ፊልም ነው። የሌላ ሰው ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር፤ ደራሲው ስኮት ሃይም ነው። በራሱ ድርሰት ብቻ የሚታወቅ ዳይሬክተር ሲደክመው የሰው መጽሐፍ ማንሣት አዲስ ጉልበት ይሰጣል፤ ግን መጀመሪያ የመጽሐፉን የፊልም መብት በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። የተለመደው አካሄድ አማራጭ ውል ነው፤ ለደራሲው ትንሽ ገንዘብ ከፍለሽ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ለሌላ እንዳይሸጥ ታስይዣለሽ፤ ዋናውን ክፍያ ቀረጻ ሲጀመር ትከፍያለሽ። በቃል "እሺ ልጄ፣ ሥሪው" ብሎ የፈቀደ ደራሲ ቢሞት ወራሾቹ የሚያውቁት ወረቀት የለም።

በ2010 "ካቡም" የተባለው ፊልሙ የፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል ላይ በዚያው ዓመት የተጀመረውን የኩዊር ፓልም ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንጀራውን በከፊል ያገኘው ከቴሌቪዥን ተከታታይ ነው፤ የሌሎች ሰዎችን ድራማ በክፍል ዳይሬክት ያደርጋል፤ በ2019 የራሱን አሥር ክፍል ሠርቷል። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም። ሠርግ እየቀረጸ ፊልሙን የሚሠራ ሰው ጎንደር ውስጥም አለ፤ ልዩነቱ የሒሳብ ደብተሩ ላይ ብቻ ነው።

የትኬት ገቢ ሲነገርሽ ደግሞ አትደንግጪም አትጓጊም። ለምሳሌ 100,000 ብር ትኬት ተሸጠ እንበል። ሲኒማ ቤቱ ግማሹን ይወስዳል፣ 50,000 ቀረ። አከፋፋዩ ከቀሪው 30 በመቶ ከወሰደ 35,000። ለፖስተር፣ ለማስታወቂያና ለቅጂ 20,000 ወጥቶ ከሆነ እጅሽ ላይ የሚደርሰው 15,000 ነው። የአከፋፋይ ውል ስትፈርሚ ዓይንሽን የምትጥይው መቶኛው ላይ ሳይሆን "ወጪ" የሚለው አንቀጽ ላይ ይሁን፤ ጣሪያ ቁጥር ካልተጻፈበት ወጪው ሁልጊዜ ገቢውን ያህላል።

አዘዞ_መንገድ፦

ለመሆኑ ይህን ጉዳይ እዚህ ማንሣት ምን ይጠቅማል? ባህላችንም ሕጋችንም አይፈቅድም። ሌላ ዳይሬክተር ጠፍቶ ነው?

አወያይ፦

አዘዞ_መንገድ፣ ሕጉን በተመለከተ የ1996ቱ (በፈረንጅ 2004) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ድርጊትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የአንድን የውጭ ዳይሬክተር የሥራ ታሪክና በጀት ማጥናት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውይይቱ ይቀጥላል። ሰው መስደብ አይቻልም። ከዚህም በላይ ማንም የማንንም ስም፣ ሰፈር ወይም የግል ሕይወት እዚህ እንዳይጽፍ። የተጻፈ ነገር ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል።

አራዳ_ሌንስ፦

ሌላ ዳይሬክተር ጠፍቶ ነው ለተባለው፦ አልጠፋም፤ ጎንደር ያበቀለችው ኃይሌ ገሪማ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የጎሃ_ሥርን ገለጻ ያጠነክረዋል ባይ ነኝ። ኃይሌ በ1946 እዚሁ ጎንደር ተወልዶ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን (1976) በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ነው የሠራው፤ ቀረጻው ኢትዮጵያ ውስጥ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው ያለቀው። ከአራኪ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በዚያው ከተማ ተምሮ፣ በዚያው የፊልም ዓይነት ማለት ነው። ሁለቱን ያለያያቸው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ ነው። "ሳንኮፋ" በ1993 ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። ኃይሌና ባለቤቱ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው አሳዩት፤ ሰዉ ሲጎርፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ወሰዱት።

የዚህ ዓይነት ኪራይ ሒሳብ ቀላል ነው፤ ለአዳራሹ ቁርጥ ኪራይ ትከፍያለሽ፣ ትኬቱ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው። አዳራሹ 300 ወንበር ቢኖረውና ኪራዩ 15,000 ብር ቢሆን፣ በ100 ብር ትኬት 150 ሰው ሲገባ ኪራዩ ተመለሰ። ፖስተርና ትራንስፖርት 5,000 ጨምሪ፤ 200 ሰው። ከዚያ በላይ የገባው ትርፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከግማሽ በታች ከሆነ ሁለተኛውን ሳምንት አለመከራየት። የሚያበላሸው በጥምቀት ሰሞን እንግዳ በዝቷል ብሎ አዳራሽ መያዝ ነው፤ እንግዳው በዝቷል፣ ግን ፋሲል መዋኛ ነው ያለው።

ጎሃ_ሥር፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ኃይሌን አስገባዋለሁ፤ የአዳራሹንም ነገር ለመስከረም ወይም ለግንቦት አስበዋለሁ። አሁን ቀረጻውን ብትነግሩኝ፦ ካሜራውን አቁሜ፣ በስልክ፣ ሦስት ቤት ውስጥ ልቅረጽ ብል ምን ይበላሻል?

ድምፅ_ክፍል፦

የሚበላሸው ድምፅ ነው። ሁልጊዜ ድምፅ ነው። ምስሉ ጨለም ቢል "ስታይል ነው" ይባልልሻል፤ ያልተሰማ ንግግር ግን ሰውን ከአዳራሽ ያስወጣል።

ከቤቱ እንጀምር። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ከሰኔ እስከ መስከረም አይቀረጽበትም፤ ዝናቡ ከተዋናዩ ይጮሃል። የድንጋይ ግድግዳ ያለው የድሮ ቤት ደግሞ ያስተጋባል፤ በሩቅ ማይክ ከቀረጽሽው ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ካሜራው የማያየው ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀዪ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፤ ማይኩ ከአፍ ከ50 ሴንቲ ሜትር እንዳይርቅ። የደረት ማይክ ከሆነ ደረት አጥንቱ ላይ፣ ነጠላው የማይነካው ቦታ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ፤ ጥጥ ነጠላ ሲፈተግ የሚያወጣው ድምፅ በኤዲት አይወጣም።

መቅጃው 48 ኪሎ ኸርትዝ፣ 24 ቢት ላይ ይሁን፤ ጮክ ያለው ንግግር ከ−12 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ከ0 በላይ የሄደ ድምፅ ተሰብሯል፣ አይጠገንም። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ማንም ሳይናገር 60 ሰከንድ ባዶ ድምፅ ቅጂ፤ ኤዲት ላይ ንግግር ስትቆርጪ ቀዳዳውን የሚሞላልሽ እሱ ነው። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀይው፤ ማስታወሻ እንዲሆንሽ የመኪና ቁልፍሽን እፍሪጁ ውስጥ አስቀምጪ፤ ሳትመልሺው ከቤቱ አትወጪም። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ቀን ባጃጅ፣ ማታ ውሻ አለ። ፒያሳ አካባቢ ለንግግር የሚሆነው ሰዓት አጭር ነው፤ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ቀድመሽ እዚያ ሰዓት ላይ አስቀምጪ፤ ዝም ያለውን ወደ ጫጫታው ሰዓት ግፊው።

አሁን ስልኩ። ሦስት ወጥመድ አለው።

ስልክ በራሱ መቅረጫ ሲቀርጽ የፍሬሙ ፍጥነት ይዋዥቃል፤ አንዴ 24፣ አንዴ 23 ተኩል። በሌላ መቅጃ የያዝሽው ድምፅ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከከንፈር ይለያል። ፍጥነትን የሚቆልፍ የቀረጻ አፕ ተጠቀሚ፤ ሳታውቂ የቀረጽሽው ካለ ኤዲት ከመጀመርሽ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት ለውጪው።

የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ነው። ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በ50ኛ ወይም በ100ኛ ሰከንድ ካልቆለፍሽው ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥቁር ጥላ ይሠራል። በዓይን አይታይም፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ነው የሚያዋርድሽ። በቀረጻ መሐል ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑ ይደክማል። ለፊት የሚሆነውን መብራት በባትሪ አድርጊው፤ የቤቱ መብራት ከጀርባ ለመልክ ብቻ ይሁን። መስኮት ካለ ነጭ አንሶላ ወጥሪበት፤ የቀትር ፀሐይ እኛ ጋ ከአናት ትወርዳለች፤ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ትሠራለች። ከቤት ውጭ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ።

ሦስተኛው ፋይሉ ነው። በ1080 ጥራት፣ በሰከንድ 50 ሜጋ ቢት ስትቀርጪ ደቂቃው 375 ሜጋ ባይት ነው። 70 ደቂቃ በ5 ለ1 ሲባዛ 350 ደቂቃ፣ ማለትም 131 ጊጋ ባይት። ሁለት ባለ 500 ጊጋ ዲስክ ይበቃል፤ ሁለቱ አንድ ቤት እንዳያድሩ። በቴሌግራም ከላክሽው "እንደ ፋይል" ብለሽ ላኪ፤ እንደ ቪዲዮ ከላክሽው ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው ደግሞ አይመለስም።

ባለጥቅል፦

አንድ ማስጠንቀቂያ። አራኪ የመጀመሪያ ፊልሞቹን ብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ ነው የቀረጸው። እዚህ አትቅጂው። የፋሲል ግቢ ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ትሪፖድ ስትዘረጊ ጠባቂው ይመጣል፤ ከቅርስና ከባህልና ቱሪዝም የተጻፈ ደብዳቤ ከሌለሽ ቀኑ አለቀ። ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይታሰብም። የሰዓት እላፊ ባለበት ወቅት የሌሊት ትዕይንትሽን በቀን፣ መስኮት ሸፍነሽ፣ ቤት ውስጥ ሥሪው። ቤተ መንግሥቱን የግድ ካላስፈለገሽ ደግሞ ተይው፤ የወረሱት ቤት ታሪክ ነው አልሽ አይደል?

ሰማያዊ_ሸራ፦

አራኪ ላይ ብቻ ከቆምሽ ግማሹ ይቀርሻል። ዴሪክ ጃርማንን ጨምሪው፤ ድምፅ_ክፍል የዘረዘረውን ጣጣ በሙሉ በዘዴ ያለፈ ሰው ነው።

ጃርማን (1942–1994) እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበር፤ ወደ ፊልም የገባው በመድረክና በፊልም ዲዛይን ነው። ከ1979 እስከ 1986 ባለው ጊዜ "ካራቫጆ"ን ለመሥራት ገንዘብ ሲያስስ ሰባት ዓመት አለፈ። እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም፤ በሱፐር 8 ካሜራ ይቀርጽ ነበር፤ የሙዚቃ ቪዲዮም ይሠራል። የ50 ጫማው የሱፐር 8 ካሴት 3,600 ፍሬም አለው። በሰከንድ 24 ፍሬም 2 ደቂቃ ተኩል ይሄዳል። ጃርማን በሰከንድ ከ3 እስከ 6 ፍሬም እየቀረጸ፣ በዚያው ዝግተኛ ፍጥነት ግድግዳ ላይ አሳይቶ በካሜራ መልሶ ይቀርጸው ነበር። በ6 ፍሬም ያው ካሴት 10 ደቂቃ ሆነ፤ ዋጋው ግን ያው ነው። ብርሃንም ይተርፈዋል፦ ከ24 ወደ 6 ሲወርድ እያንዳንዱ ፍሬም አራት እጥፍ ብርሃን ያገኛል፤ መብራት በሌለበት ክፍል ይቀረጻል። እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል፣ ሥዕል ይመስላል።

በዚህ ፍጥነት ከንፈርና ንግግር አይገጥሙም። ስለዚህ ንግግሩን ጭራሽ ተወው። በ1985ቱ ሥራው ምስሉ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ተዋናይቷ ጁዲ ዴንች የሼክስፒርን ሶኔቶች ከላይ ታነባለች። በስልክ እንዲህ አድርጊው፦ የፍሬም ፍጥነትን በሰከንድ 6 የሚያደርግ አፕ፣ ሹተሩ 12ኛ ሰከንድ፣ ትሪፖድ። ኤዲት ላይ እያንዳንዱን ፍሬም አራት ጊዜ ደግሚው፤ ኤዲተሩ "በማለሳለስ" እንዳይሞላው ያንን ምርጫ አጥፊ፤ ካላጠፋሽው የሰው ፊት እንደ ሰም ይቀልጣል። ድምፁን በኋላ፣ ጋቢ በተሰቀለበት አንድ ክፍል ቅጂ። ለ70 ደቂቃው ሁሉ አይሆንም፤ ተመልካች ይሰለቻል። ለትዝታ ትዕይንቶች፣ 12 ደቂቃ ያህል፣ ይበቃል።

የመጨረሻ ዘመኑ ፊልም "ብሉ" (1993) ነው። በኤድስ ምክንያት ዓይኑ እየደከመ ነበር፤ ፊልሙ 79 ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ድምፅ ነው። ቻናል 4 ቴሌቪዥን ምስሉን፣ ቢቢሲ ሬዲዮ 3 ድምፁን በአንድ ጊዜ አስተላልፈውታል። ፊቱ መታየት የሌለበትን ሰው ታሪክ ለሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ሰሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ፊት ማደብዘዝ በሶፍትዌር ሊፈታ ይችላል፤ ያልተቀረጸ ፊት ግን አይፈታም። ድምፁንም የሌላ ሰው ማንበብ ይሻላል፤ ቀጭን ወይም ወፍራም የተደረገ ድምፅ ተመልሶ ይስተካከላል።

አዘዞ_መንገድ፦

የድምፁን ክፍል ተምሬበታለሁ፤ ለሠርግ ቀረጻም ይሆናል። ዘፈንስ? ካሴት ላይ ያለ የአዝማሪ ዘፈን ወስዶ ማስገባት ይቻላል?

ውልና_ማኅተም፦

አይቻልም። ፊልም የሚገድለው አንዱ ይሄ ነው። ቶድ ሄይንስ በ1987 ስለ አንዲት ዘፋኝ ሕይወት በአሻንጉሊቶች አጭር ፊልም ሠራ፤ ዘፈኖቹን ግን ያለ ፈቃድ ነበር የተጠቀመው። የዘፋኟ ወንድም ከሰሰና ፊልሙ ከመታየት ታገደ፤ እስከ ዛሬም በሕጋዊ መንገድ አይከፋፈልም። ሄይንስ ከዚያ በ1991 ሰንዳንስ ላይ ዋናውን የዳኞች ሽልማት አገኘ፤ ያ የቀድሞ ሥራው ግን አልተመለሰለትም።

እኛም ጋ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 (በፈረንጅ 2004) አለ። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ ያ አዝማሪ የተጫወተው ቅጂ የራሱና የቀዳው ሰው ነው። የሚሻለው አዝማሪውን ጠርቶ፣ አንቺሆዬም ይሁን ትዝታ፣ ለፊልሙ ብሎ በአዲስ ማጫወትና በአንድ ገጽ ማስፈረም ነው። ገጹ ላይ አምስት ነገር ይኑር፦ የዜማው ስም፣ የተከፈለው ብር፣ በየትኛው ፊልም እንደሚገባ፣ በሲኒማም በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም ለዘለቄታው እንደሚታይ፣ ሁለት ምስክር። "ለፊልሙ ብቻ" ብለሽ ከጻፍሽ ማስታወቂያው ላይ ማስገባት አትችይም፤ "ለፊልሙና ለማስተዋወቂያው" በይ። የቤቱ ባለቤትም፣ ተዋናዮቹም እንዲሁ ይፈርሙ፤ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት። ካለቀ በኋላ የሚፈረም ውል ዋጋው ይጨምራል።

ጎሃ_ሥር፦

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፌስቲቫል። አራኪ ሎካርኖና ሰንዳንስ ነበረው። ለኛስ?

አራዳ_ሌንስ፦

የሱ ፊልሞች ሁለት ዓይነት በር ነበራቸው፤ አጠቃላይ ፌስቲቫልና ጉዳዩን ለይተው የሚያሳዩ። ፍሬምላይን ሳን ፍራንሲስኮ ከ1977፣ የበርሊን ቴዲ ሽልማት ከ1987 ጀምሮ አሉ። ያንቺ ፊልም የወንድማማቾች ታሪክ ነው፤ በርሽ ሌላ ነው። በአፍሪካ ፌስፓኮ የሚባል የፊልም ፌስቲቫል አለ፤ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመት ይካሄዳል። ኃይሌ በ"ጤዛ" በ2009 ዋናውን ሽልማት የወሰደው እዚያ ነው። በአገር ውስጥ መከልከል የፊልም ፍጻሜ እንዳልሆነ ደግሞ ከኬንያ ይታያል፦ የዋኑሪ ካሂዩ "ራፊኪ" በ2018 በአገሩ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ካን ላይ የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ረጅም ፊልም ሆነ፤ በመስከረም ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን አነሣ፤ ናይሮቢ ላይ አዳራሽ ሞላ።

አሠራሩ ይህ ነው። ፊልሙን መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ አትጫኚ፤ ትልልቆቹ ያልታየ ነው የሚፈልጉት። የማመልከቻ ክፍያ ከኢትዮጵያ በካርድ መክፈል ካስቸገረሽ ለፕሮግራም ክፍሉ አጭር ኢሜል ጻፊና ክፍያ እንዲተውልሽ ጠይቂ፤ ከመዝጊያው ቀን ሁለት ወር ቀድመሽ። ሊንኩን በይለፍ ቃል ዝጊው፤ ማውረድ እንዳይቻል አድርጊ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ፋይሉን አትቀይሪው።

ለሲኒማ ቤት የሚሆን ቅጂ የሚያዘጋጀው ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ የሚባል ፕሮግራም ነፃ ነው። ከቀረጻ በፊት ግን 24 ወይም 25 ፍሬም ወስኚ። በ25 ቀርጸሽ በ24 ካሳየሽው 70ው ደቂቃ ወደ 73 ይጠጋል፤ ድምፁም ይወፍራል። ለቴሌቪዥን ከሆነ 25፣ ለፌስቲቫል ከሆነ 24። በ50ኛ ሰከንድ ሹተር ሁለቱም ከ50 ኸርትዝ ጋር ይስማማሉ።

የግርጌ ጽሑፉን ፊልሙ ላይ አትጋግሪው፤ ለብቻ ኤስአርቲ (የግርጌ ጽሑፍ) ፋይል አድርጊው። ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ በመስመር ከ42 ፊደል በታች፣ አጭሩም ቢሆን አንድ ሰከንድ ይቆይ። አዝማሪው የሚዘፍነውንም ተርጉሚ፤ ብዙ ሰው ይዘለውና ዳኛው ዘፈኑ ውስጥ የተባለው ያመልጠዋል። የአማርኛ ጽሑፍ ካለው ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የፊደል ኮድ ዓይነት ነው) አስቀምጪ፤ ካልሆነ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ቆርጠሽ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሞክሪው፤ ያንቺው ላይ ፎንቱ ስላለ አያሳይሽም።